ብድግ ይበሉልኝ እስቲ

እሺ፣ አንድ ጊዜ ጸጥታ! ኬኩ የትም አይሄድም፤ የሚሄዱት እትዬ ናቸው።

ንግግር እንዳደርግ የተመረጥኩት አንደበተ ርቱዕ ስለሆንኩ አይደለም። ጠረጴዛችን ጎን ለጎን ስለሆነ ብዙ ጉድ ታውቃለች ተብዬ ነው። እትዬም ጠዋት በር ላይ ያዙኝና «ዋ! ከተናገርሽ ወዮልሽ!» አሉኝ። የቱን እንዳልናገር ግን አልነገሩኝም። ስለዚህ ሁሉንም ልዘረግፈው ነው።

አዲሶቹ ልጆች ስላልነበራችሁ ከመጡበት ቀን ልጀምር። እትዬ ወደኛ ወደ ጉዞ ሕክምና ኢንሹራንስ የተዛወሩት ከመኪና ኢንሹራንስ ክፍል ነው። ያን ቀን ብብታቸው ሥር ትራስ ሸጉጠው ከች አሉ። ጥበቃችን ትራሱን ሲያይ የታመሙ ደንበኛ መሰሉትና የወረፋ ቁጥር ሰጥቶ አስቀመጣቸው። እሳቸውም አመስግነው ቁጭ አሉ። ረፋዱን በሙሉ! እኛ ደግሞ ውስጥ ሆነን «አዲሷ ሠራተኛ ገና በመጀመሪያ ቀኗ አረፈደች» እያልን እናማቸዋለን። በመጨረሻ ተራቸው ደረሰና እኔው ፊት ቀረቡ።

«ምን ልርዳዎት፣ እናቴ?»

«ሥራ ልጀምር ነበር።»

«ውይ! ታዲያ ምነው እስካሁን ዝም አሉ?»

«ሰው ምን ያህል እንደምታስጠብቂ ልየው ብዬ።»

ይኸው፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እሳቸው ባሉበት ደንበኛ አስጠብቄ አላውቅም። ትራሱ ደግሞ የራሳቸው አልነበረም። ለደንበኛ ወንበር ነው ያመጡት። «እዚህ የሚመጡት አብዛኞቹ ጉልበታቸውንና ወገባቸውን የሚያማቸው ናቸው፤ በዚህ ጣውላ ላይ አስቀምጣችሁ ስለ ጤና ትጠይቋቸዋላችሁ?» አሉን። ትራሱም አልበቃቸውም። አንድ ቀን ሥራ አስኪያጃችን ከስብሰባ ሲመለሱ ወንበራቸው የለም። ያ ባለ ክንዱ፣ የሚያምረው ወንበራቸው!

«ወንበሬን ማን ወሰደው?» ብለው ወጡ።

እትዬ ቀና እንኳ ሳይሉ፣ «ሥራ ላይ ነው» አሉ።

ወንበሩ ላይ አንዲት ቁርጥማት ያሰቃያቸው እናት ክንዱን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ሥራ አስኪያጃችን ምን ይበሉ? ጤና ይስጥልኝ ብለው ተመለሱ። ወንበሩም እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ጌታዬ፣ ከነገ ጀምሮ እወስደዋለሁ ብለው ከሆነ ይርሱት፤ አደራ ተብያለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እትዬን ለምን «እትዬ ብድግ» እንደምንላቸው የማታውቁ አላችሁ።

እንደምታውቁት ውጭ አገር ያሉ ልጆች ሊጠይቋቸው ለሚሄዱ ወላጆቻቸው ኢንሹራንስ ሲገዙ ሁሉም የሚሉት አንድ ነው። «እናቴ ምንም የላትም!» «አባቴ ከኔ ይሻላል!» ሁሉም እየዋሹ አይደለም። ብዙዎቹ እውነትም አያውቁም። ወላጅ ለልጁ አይናገርማ! ችግሩ የሚመጣው በኋላ ነው። የቆየውን ቁርጥማት መከታተያ እኛ አንከፍልም፤ በድንገት ሲብስ፣ ጉልበት ሲከዳና ሰው ሲወድቅ ግን እንከፍላለን። ያውም አስቀድሞ ከተነገረን። ከተደበቀ ካሳ ክፍል «ደብቃችኋል» ብሎ እጁን ይሰበስባል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚለው ተረት ለኛ መሥሪያ ቤት የተተረተ ነው የሚመስለኝ።

እትዬ ከመኪና ክፍል አንድ ሕግ ይዘው መጥተው ነበር። ሞተሩ ተነስቶ ድምፁ ሳይሰማ መኪና ኢንሹራንስ አይገባም። እዚህም ያንኑ ሕግ ቀጠሉበት። አባቱን ይዞ ሊሄድ ከውጭ የመጣ አንድ ጎረምሳ ስልክ ደውሎ «አባቴ ብረት ነው» ሲላቸው አጠገባቸው ነበርኩ፤ ስልኩም በድምፅ ማጉያ ነበር።

«ጎሽ፣ ተመስገን! እስቲ ስልኩን ለብረቱ ስጣቸው» አሉት።

«ምን ያደርግልዎታል?»

«ሰላም ልበላቸዋ!»

ሽማግሌው ቀረቡ። የናፈቁት ዘመድ ይመስል ስለ መንገዱ፣ ስለ ሻንጣው፣ ስለ ሌላው ልጃቸው ሲጨዋወቱ ቆዩና እትዬ ድንገት፣ «አባባ፣ እስቲ አንዴ ብድግ ይበሉልኝ» አሏቸው።

ወንበር ሲንቋቋ ሰማን። ከዚያ «እእእህ… ወይ አምላኬ!»

«በየትኛው ጉልበትዎ ነው?»

«ማን ነገረሽ?!»

«እርስዎ።»

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጁ እንዳይሰማ፤ ትኬቱን ይሰርዝብኛል» አሉ። እትዬ ታዲያ አልሳቁም። «አይሰርዝም፣ አባባ። እኔ ነኝ የማናግረው» አሉና እውነትም አናገሩት። ስለ ኢንሹራንስ መስሏችሁ ነው? ቤቱ ደረጃ አለው ወይ? አልጋቸው የት ነው? መታጠቢያ ቤቱ እጀታ አለው ወይ? ሥራ አስኪያጃችን አንዴ ይህን ሰምተው «ይቺ ሴትዮ ኢንሹራንስ ነው የምትሸጠው የአናጢ ዕቃ?» ብለው ነበር። ብለዋል፣ ጌታዬ፤ ሰምቻለሁ!

ግን እናንተ ያላያችሁትን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት እናት በስልክ «ብድግ» ተብለው፣ ተቆጥተው፣ «ምን አባሽ አገባሽ!» ብለው ዘጉብን። እትዬ መልሰው ደወሉ። እንደገና ተዘጋ። እንደገና ደወሉ። ሴትየዋ በመጨረሻ ሲሰለቻቸው ተናገሩ። ከዚያ ልጃቸው ዘንድ ሄደው ብዙም ሳይቆዩ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጉልበታቸው ከድቷቸው ወደቁ። ሁሉም ተጽፎ ስለነበር ሆስፒታሉ ሲደውል ካሳ ክፍል ቃል አልተነፈሰም፤ ተከፈለ፤ ታከሙ። ቆይቶ ስልክ ተደወለና እኔ አነሳሁት። «ያቺ ብድግ በይ ያለችኝ ደረቅ አለች?» አሉ። አገናኘኋቸው። ምን እንደተባባሉ አላውቅም። እትዬ ስልኩን ዘግተው ወደ ዕቃ ግምጃ ቤቱ ገቡ፤ ሲወጡ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። «አቧራ ነው» አሉኝ። እኔም «ይጠረጋል» አልኳቸው።

እንግዲህ ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው።

በቅርብ ጊዜ እትዬ ከሁላችንም ቀድመው ቢሮ መግባት ጀምረው ነበር። ጥበቃው በሩን ሲከፍት ቆመው ያገኛቸዋል። ሥራ አስኪያጃችን በስብሰባ ላይ አስነስተው አመሰገኗቸው፤ «ጡረታ ሊወጡ ደርሰው እንኳ እንዲህ ይተጋሉ፣ እናንተስ?» ብለው እኛን ወረዱብን። እኔም አምኜ ነበር። ለካ እትዬ ማለዳ የሚመጡት እኛ ሳናያቸው ደረጃውን ለመውጣት ኖሯል! የደረጃውን መደገፊያ በሁለት እጅ ይዘው፣ እያረፉ።

ይህን ያወቅኩት ባለፈው ሳምንት ጠረጴዛዬ ፊት እንደ ደንበኛ ሲቀመጡ ነው። ልጃቸው ሩቅ አገር እንደምትኖር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ወልዳለች። እትዬ ያልታቀፉት የልጅ ልጅ አላቸው፤ ፎቶውን ያላሳዩት ሰው እዚህ ካለ እጁን ያውጣ። የለም። እና ለመንገዳቸው ኢንሹራንስ ሊገዙ መጡ። በዚያው ባለ ክንዱ ወንበር ላይ ተደላድለው ተቀመጡ።

«ሕመም አለብዎት?» አልኳቸው።

«የለብኝም።»

«የመገጣጠሚያ፣ የጉልበት…»

«የለም አልኩሽ እኮ! ጻፊ!»

አየኋቸው። አዩኝ።

«እትዬ፣ እስቲ ብድግ ይበሉልኝ።»

«እኔን?!»

«ሞተር ሳይነሳ ኢንሹራንስ የለም። ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።»

ክንዱን ጨብጠው ተነሱ። ምንም ድምፅ የለም። ድንቅ አልኩ በልቤ። ኋላ ሳያቸው ግን ፊታቸው ቀልቷል። ትንፋሻቸውን ይዘውታል! የሰውን ሁሉ «እእህ» ሲያዳምጡ ኖረው የራሳቸውን እዚያው ደረታቸው ውስጥ ቆልፈውታል። ጠበቅኩ። ትንፋሽ እስከ መቼ ይያዛል? ሲለቁት አብሮት ወጣ።

«ሁለቱም ነው» አሉኝ። «ቀኙ ይብሳል።»

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንዳልላቸው አሳዘኑኝ። «ለምን ደበቁ?» አልኳቸው። እንዲህ አሉኝ፤ «ልጄ ከሰማች "እማዬ፣ አርፈሽ ተቀመጪ" ነው የምትለኝ። ትጥለዋለች ብላ ልጁን አታሳቅፈኝም። እኔ ደግሞ ልቀመጥ አይደለም የምሄደው፤ ላግዛት ነው።»

ሁለቱንም ጉልበት ጻፍኩ። እሳቸውም ፈረሙ። «ለልጄ እንዳትነግሪ» ብለው አስማሉኝ፤ ማልኩ። እትዬ፣ አይዩኝ እንደሱ! አልነገርኩም። መሐላዬን ጠብቄያለሁ።

ግን ትናንት እሷው ደወለች።

«የእናቴን ጉልበት ጻፋችሁት?» አለችኝ።

«የቱን ጉልበት?» አልኩ፣ እንደ ሞኝ።

ሳቀች። ሳቋ ቁርጥ የእትዬን ነው። «በደወልኩ ቁጥር "ቆይ በሩን ልዝጋው" ብላ ስልኩን እንደያዘች ትነሳለች። ሁልጊዜ እሰማታለሁ። ድሮ ከሥራ ስትመለስ "ዛሬ እገሌን ብድግ አድርጌ እንዲህ ሰማሁ" እያለች ነው ያሳደገችኝ። የእሷ ልጅ እኮ ነኝ፤ እንዴት አልሰማም?»

ከዚያ ድምፅዋ ተለወጠ። እትዬ፣ የሚቀጥለውን ለእርስዎ እንድነግር ነው የላከችኝ።

«አልጋዋን ከፎቅ አውርጄዋለሁ፤ ደረጃ አትወጣም። መታጠቢያ ቤቱ እጀታ ተገጥሞለታል። ባለ ክንድ ወንበር ገዝቼ መስኮቱ ጋ አድርጌዋለሁ። ንገሪያት፤ እማዬ፣ ልትቀመጪ ነይ በያት። ሕፃን የሚታቀፈው ተቀምጠው ነው። የማያሳቅፋት ማን ሆኖ ነው?»

እትዬ… ይኸው መሐረብ። አቧራ እንደሆነ አውቃለሁ።

እኔ ለእርስዎ ማለት የምፈልገው ብዙ ነው። በስንት ቤት ስንት ልጅ የእናቱን ሕመም ያወቀው በእርስዎ ነው። እኔ ራሴ አሁን ለእናቴ ስደውል «ደህና ነኝ» የሚለውን አልሰማም፤ ስትነሳ ነው የማዳምጣት። ይህን የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። አመሰግናለሁ። እንወድዎታለን። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ብርጭቆአችንን እናንሳ። ሁላችሁም ብድግ! ጌታዬ፣ እርስዎም ጭምር። ሰማችሁ? ሥራ አስኪያጃችን ሲነሱ ያሰሙትን ሰማችሁ? ነገ ጠረጴዛዬ ጋ ይምጡ!

እትዬ፣ እርስዎ ግን ቁጭ ይበሉ። ዛሬ የምንነሳው እኛ ነን። መንገድዎ የቀና ይሁን። የሚወጡት ደረጃ ሁሉ እጀታ አይጣ። ኢንሹራንሱን ገዝተው የማይጠቀሙበት ያድርግዎት። የልጅ ልጅዎ እቅፍዎ ውስጥ ይፋፋ፤ ጉልበትዎ ይከዳ እንደሆን እንጂ ክንድዎ አይድከም። ለእትዬ!

ኧረ ቁጭ ይበሉ አልኩ እኮ! እትዬ! … እሺ፣ እሺ፣ ይነሱ። ማን ይችልዎታል። ግን ትንፋሽዎን እንዳይዙ። ሁላችሁም ጸጥ በሉ።

እንስማዎት።