በፋብሪካው በር ላይ የቀረው ኢንጂነር

የምስክር ቃል

ምስክር፦ ሁለተኛ ምስክር (ሙሉ ስም በመዝገቡ ተይዟል)
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ የዩኒቨርሲቲ መምህርት፣ የውሃ ምህንድስና ትምህርት ክፍል
አድራሻ፦ ከዩኒቨርሲቲው ጀርባ፣ የመምህራን መኖሪያ፣ ሦስተኛ ፎቅ
ጉዳዩ፦ ያልሆነውን ነኝ ብሎ መቅረብ
ቃል የተሰጠበት፦ ማክሰኞ፣ ከረፋዱ አምስት ሰዓት ጀምሮ

ሥራዬና አድራሻዬ ከላይ የተጠቀሰው እኔ ምስክር፣ የማውቀውን ብቻ እንድናገር ተነግሮኝ የሚከተለውን ቃል በፈቃዴ ሰጥቻለሁ። ተጠርጣሪውን የማውቀው በሥራ ምክንያት ሲሆን ዝምድናም ጠብም የለንም። ፊት ለፊት የማናግረው በአንቱታ ነው፤ ቃሌ ሲጻፍ ግን «እሱ» ተብሎ ቢጻፍ ይቀላል ስለተባልኩ ተስማምቻለሁ። «ተጠርጣሪ» የሚለውም የመርማሪው ቃል ነው። እኛ የምንለው ኢንጂነሩ ነው፤ በሌለበት ደግሞ «አቶ ግን»።

ነገሩ የጀመረው አንድ የምርምር ፈንድ ዩኒቨርሲቲዎችን ለውድድር ሲጠራ ነው። ያሸነፈው ዩኒቨርሲቲ የማስተርስና የዶክትሬት ተማሪዎቹ ወጪ ለዓመታት ይሸፈንለታል። እኛ ክፍል ይህ ቀልድ አልነበረም። ከዶክትሬት ተማሪዎቼ አንዱ ትምህርቱን ጥሎ መድን ድርጅት ገብቷል፤ አንዷ ጥናቷን አጋምሳ ወላጆቿ ሱቅ ተመልሳለች። ስለዚህ ዲኑ ፕሮፖዛሉን እንዳስተባብር ሲያዘኝ በደስታ ተቀበልኩ። ውድድሩ ተማሪዎቹን ወርክሾፑ ውስጥ ተቀብሎ የሚያሠራ ድርጅት አጋር እንዲሆን ስለሚያስገድድ የውሃ ፓምፕ ፋብሪካውን ጠየቅን። ፋብሪካውም የሥልጠና ኃላፊውን፣ ማለትም ኢንጂነሩን፣ በሥራ አስኪያጁ ፊርማ ወክሎ ላከልን። መጀመሪያ ሲመጣ በእርግጥ የፋብሪካው ሰው ነበር። መርማሪው ይህን ደጋግሞ ስለጠየቀኝ እኔም ደግሜ እናገራለሁ፤ በእርግጥ የፋብሪካው ሰው ነበር።

ስብሰባችን ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ፣ መስኮቱ አልዘጋ በሚለው የሁለተኛ ፎቅ ክፍል ነበር። ኢንጂነሩ ሁልጊዜ ከእኛ ቀድሞ ይገኛል። ቅጽል ስሙን ያወጣንለት «ተማሪዎች በፋብሪካው የተግባር ልምድ ይቀስማሉ» የሚል ዓረፍተ ነገር ጽፈን ስናነብለት ነው። «ጥሩ ነው፤ ግን ከማን ነው የሚቀስሙት? የፓምፕ መፈተሻው ክፍል ሁለት ሰው ከገባበት ሦስተኛው በር ላይ ነው የሚቆመው» አለ። አስተካክለን ሌላ ስናነብለት፣ «ይሄም ጥሩ ነው፤ ግን ማሽኑ ሲበላሽ ተማሪው ምን ይሠራል? ሻይ ይጠጣል?» አለ። ዲኑ ወደ እኔ ዘንበል ብሎ «ይሄ ሰውዬ አጋር ነው ፈታኝ?» ብሎኛል። ቢሆንም ፕሮፖዛሉ እየጠራ ሄደ። ስለ ፋብሪካው የሚያወራው አራተኛው ክፍል ሙሉ በሙሉ ለእሱ ተተወ።

ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ በትክክል አላስታውስም፣ ስብሰባ በሌለባቸው ቀናትም ይመጣ ጀመር። ጠዋት እንደ ሠራተኛ ይገባል፣ ማታ እንደ ሠራተኛ ይወጣል። የማስተርስ ተማሪዎች የፓምፕ ንድፋቸውን ይዘው ይሰለፉበት ነበር። አንድ ቀን «ፋብሪካው አይፈልግዎትም እንዴ?» ብዬ ጠየቅኩት። «እዚህ ጸጥታ አለ፤ ጽሑፉ ይፈጥንልኛል» አለኝ። በወቅቱ መልስ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው ለጥያቄዬ መልስ አይደለም። መልስ አለመሆኑን ያኔ ለምን እንዳላስተዋልኩ ለመርማሪው ማስረዳት አልቻልኩም።

ፕሮፖዛሉ የመጀመሪያውን ዙር አለፈ። ቀጥሎ ገምጋሚዎች መጥተው ፋብሪካውን በዓይናቸው እንደሚያዩ ስናገር ሁሉም አጨበጨበ፤ ኢንጂነሩ ብቻ አላጨበጨበም። «ግን...» ብሎ ወረቀቱን መሰብሰብ ጀመረ። «ግን ምን?» አልኩት። «ምንም። ለፋብሪካው እኔ እነግራቸዋለሁ» አለ። ለእሱ ተውኩት።

ባለፈው ሐሙስ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ እኔ፣ ዲኑ፣ ኢንጂነሩና ሁለት ገምጋሚዎች በዩኒቨርሲቲው መኪና ፋብሪካው በር ደረስን። ጥበቃው ኢንጂነሩን ሲያይ ፊቱ በራ። «ኢንጂነር! ምነው ጠፉ? ሰላም ነዎት?» ብሎ እጁን በሁለት እጁ ያዘው። ወዲያው ደግሞ እጁን ለቀቀና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እንዳይቀየሙኝ፣ እርስዎን እንዳላስገባ ታዝዣለሁ» አለው። ኢንጂነሩም «አውቃለሁ። እነሱን አስገባቸው፤ ሥራ አስኪያጁንም ጥራልኝ» አለ። እኔ ነገሩ ዞረብኝ። በር የሚከለከለው እሱ፣ እንግዳ የሚያስገባው እሱ። ጠጋ ብዬ «ምንድን ነው የሚሉት?» አልኩት። «ከሥራ ተሰናብቻለሁ፣ ዶክተር። ሥራ አስኪያጁን ላገኝ ስንት ጊዜ ለመንኩ፤ አላገኘኝም። ሳልመጣ ብቀር ደግሞ በር ላይ የምትመለሱት እናንተ ናችሁ። እዚህ ቆሜ ቢያየኝ ቢያንስ ለመቆጣት ይወጣል ብዬ ነው» አለኝ።

እውነትም ለመቆጣት ወጣ። «ይሄ ሰውዬ ከተባረረ ስንት ጊዜው! በማን ስም ነው እንግዳ የሚያመጣው?» እያለ ጮኸ። ስለ ፕሮፖዛሉ ሲነገረው የላከውን ሰው ያባረረ ቀን ጉዳዩም አብሮ የቀረ እንደመሰለው ተናገረ። ዲኑ ማንም ሳይጠይቀው «እኛም ተታለናል!» አለ። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር። ሴቷ ገምጋሚ ብቻ ወደ ኢንጂነሩ ዞራ «አራተኛውን ክፍል ማን ነው የጻፈው?» አለችው። «እኔ ነኝ።» «ስትጽፈው የፋብሪካው ሠራተኛ ነበርክ?» «ግማሹን ስጽፍ» አላት። እሷም ተመልሳ መኪና ውስጥ ገባች። ፖሊስ የመጣው በሥራ አስኪያጁ ጥሪ ነው። ኢንጂነሩ አልሮጠም፣ አልተከራከረም። መኪናው ውስጥ ትቶት የነበረውን ቦርሳ እንዳቀብለው ብቻ ጠየቀኝ፤ አቀበልኩት።

ትናንት ሥራ አስኪያጁ ስልክ ደወለልኝ። ፕሮፖዛሉን ገና ማንበቡ እንደሆነ፣ ሐሳቡን እንደወደደው፣ ፋብሪካው ተማሪዎቹን ለመቀበል ዝግጁ እንደሆነ፣ የሰውየው ስም ግን ከጽሑፉ እንዲወጣ ነገረኝ። እኔም ባልጠበቅኩት ድፍረት «ስሙ ከወጣ የጻፈውም አብሮ ይወጣል» አልኩት። ዘጋብኝ። ከሰዓት በኋላ የሥራ አስኪያጁ ጸሐፊ ደውላ ተማሪዎቹ ከየትኛው ወር እንደሚጀምሩ ጠየቀችኝ። ይህ እሺ ማለት ይሁን አይሁን እስካሁን አልገባኝም።

ዛሬ ጠዋት ዲኑ ወደዚህ ስመጣ ደረጃው ላይ አግኝቶኝ «ተታለናል በይና ገላግይን፤ ፕሮፖዛሉም ይተርፋል፣ አንቺም ትተርፊያለሽ» ብሎኛል። መርማሪውም «ተታለሻል ወይስ አልተታለልሽም? በአንድ ቃል መልሺ» ብሎ ጠይቆኛል። በአንድ ቃል መመለስ አልቻልኩም። ያልነገረኝ ነገር አለ። የዋሸኝን ፈልጌ አጣሁ። ሲናገር «ፋብሪካው» ይል ነበር እንጂ «ፋብሪካችን» ሲል አልሰማሁም። ተጠንቅቆ ይሁን ልማዱ ሆኖ አላውቅም፤ እኔም የራሴን ቤት «ቤቱ» ነው የምለው። ከእኛ የወሰደው ነገር እንዳለ ተጠይቄ፣ ወንበር ላይ ከመቀመጥ በቀር ምንም እንዳልወሰደ መልሻለሁ።

የምጨምረው ካለ ስባል የሚከተለውን ጨምሬያለሁ። ቃሌን ለመስጠት የጣቢያው ኮሪደር ላይ ተራ ስጠብቅ ለታሳሪ ምሳ የያዘች አንዲት ሴት አጠገቤ ተቀመጠች። ሚስቱ እንደሆነች ያወቅኩት ስሙን ለዘበኛው ስትናገር ሰምቼ ነው። ምን ላድርግ፣ ራሴን አስተዋወቅኳት። ባሏ ከሥራ መውጣቱን ከፖሊስ ከምትሰማ ከእኔ ትስማ ብዬ «እኅቴ፣ ባለቤትሽ...» ስል አቋረጠችኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያወቅኩት። ሃያ ዓመት የሸሚዙን እጅጌ ከዘይት ሳጸዳ ኖሬ፣ ድንገት ንጹሕ ሆኖ ሲመጣ አላውቅም ብለሽ ነው? የት እንደሚውል ግን አላውቅም ነበር። አንዳንዴ ክፉ ክፉውን አስባለሁ። ማታ ሲገባ ግን ደክሞት፣ ደስ ብሎት ነው የሚገባው። ሥራ እንዴት ዋለ እለዋለሁ፤ ጥሩ ነው ይለኛል። ምሳውን ቋጥሬ እሸኘዋለሁ።»

«ለምን አልነገርሽውም?» አልኳት።

«እሱ እስኪነግረኝ ነዋ። እናንተ ጋር ነበር የሚውለው?»

«እኛ ጋር ነበር» አልኳት።

ነጠላዋን ሰበሰበች። ቀጥላም «በይ እኔ ማወቄን እንዳትነግሪው። ከኔ ፊት ቀና ብሎ የሚገባባት አንዲት ነገር ትትረፍለት» አለችኝ። እሺ አልኳት። ስሜ ተጠርቶ ገባሁ።

ይህ የመጨረሻው ክፍል ለኢንጂነሩ እንዳይነበብለት መርማሪውን ለምኛለሁ። መርማሪው ምስክር የሰጠችው ቃል ተቆርጦ እንደማይቀር ነግሮኛል። እኔም እሺ ያልኳትን አፍርሼ ለምን እንደተናገርኩ ራሴን ጠይቄ፣ ጥሩ ሰው መሆኑን ለማስረዳት ይሁን፣ ሸክሙን ከላዬ ለማውረድ፣ መለየት አልቻልኩም። መርማሪው እስክሪብቶውን አስቀምጦ «ምናልባት ሚስቱ ማወቋን ቢሰማ ይቀለው ይሆናል» ብሏል። ይህንንም እንዲጽፈው ጠይቄ ጽፎታል።

ከዚህ በላይ ያለው ቃል ተነቦልኝ የራሴ መሆኑን አረጋግጫለሁ፤ ያወቅኩትን አውቃለሁ፣ ግራ የገባኝንም ግራ ገብቶኛል ብዬ መናገሬን በፊርማዬ አጸናለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ______________

ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፊርማ ______________