ካልታየ የለም ወይ?

ከሐኪም ቤት የሚወጣ ሰው ሁለት ዓይነት ፊት አለው፤ ነገሩን የሰማ ሰው ፊትና የሸሸ ሰው ፊት። ልብስ ሰፊዋ ደረጃውን ቁልቁል ስትወርድ ይዛ የወጣችው ሁለተኛውን ነበር። በምላሷ ስለት ሰፈርተኛው «እትዬ መርፌ» የሚላት ሴት፣ ያን ዕለት ዘመድ እንዳያያት ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ፣ የካርድ ወረቀቷን በመዳፏ ጨምድዳ ነበር። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ የወንድሟ ልጅ እዚያው በር ላይ ከታክሲ ዱብ አለች።

ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታጠናለች። ቤቷ ጠባብ ስለሆነ ከክፍል ስትወጣ የአክስቷ ልብስ መቁረጫ ጠረጴዛ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጮክ ብላ ታነባለች፤ አክስትየዋም ስፌት መኪናዋ ላይ አጎንብሳ ትሰማለች።

«አክስቴ፣ ምነው? አሞዎት ነው?»

«ያልተነገረኝ በሽታ አያመኝም» አለች አክስት።

ልጅቱ ክንዷን ይዛ አጥሩ ሥር ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጠቻት። ነገሩ በግድ ወጣ። ገላዋን ስትታጠብ ጡቷ ውስጥ አንዲት የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል እብጠት በእጇ ተሰምታታለች። ዛሬ ነገ ስትል ሰንብታ ዛሬ ተራ ያዘች፤ ስሟ ሲጠራ ግን ተነሥታ ወደ ውስጥ በመግባት ፈንታ ወደ ውጭ ወጣች።

«አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽኝ?» አለች፤ «ያቺ ኤሌክትሮን ያልሻት ቅንጣት ሁለት ቀዳዳ ወዳለው ግድግዳ ስትለቀቅ፣ ካላዩዋት በሁለቱም ቀዳዳ ታልፋለች፣ ካዩዋት ግን አንዱን ትይዛለች ብለሽ። ቁልፍ ስተክል ስንት ጊዜ አሰብኩት መሰለሽ። ይሄም እንደዚያው ነው። እስካሁን ደግም ክፉም ነው። ሐኪሙ ሲያየው አንዱን ይሆናል። ክፉውን ቢሆንስ? ሳይታይ ይቀመጥልኝ።»

ልጅቱ ልትስቅ አፏን ከፈተችና በአክስቷ መዳፍ የተጨማደደውን ካርድ አይታ ዘጋችው። መቼም ፍርሃት ፊደል ሲቆጥር ከበፊቱ ይብሳል። መሃይም ፍርሃት ይሮጣል፣ ደክሞትም ይቆማል፤ የተማረ ፍርሃት ግን ምክንያቱን ታቅፎ ቤት ይሠራል።

«ያልኩትን አልክድም» አለች ልጅቱ ቀስ ብላ፤ «ሊቃውንቱም ማየት ማለት ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ ይጨቃጨቁበታል። ግን እዚያ ማየት የዓይን ሥራ ብቻ አይደለም። ያቺን ቅንጣት አንዲት የአየር ብናኝ ወይም ትንሽ ብርሃን ገፍታ ካለፈቻት እንደታየች ነው፤ ሁለቱን መንገድ አጣምሮ መሄድ ያበቃል። ለዚህ ነው ከአየርም ከሙቀትም ሸሽገው የሚጠብቋት። የእርስዎ እብጠት በሙቅ ገላ ውስጥ ነው ያለው። ደሙ ሲነካው ይውላል፣ ያድራል። ደግም ይሁን ክፉ፣ ድሮ ለይቶለታል። ያላወቁት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

አክስትየዋ ሻሿን ይበልጥ ወደ ቅንድቧ ሳበች። ከደሟ ልትደበቅ አትችልም። አንዱ በር ሲዘጋባት ሌላ ፈለገች።

«የጊዜውስ ነገር?» አለች እንደ ቀልድ። «ጊዜ ለሁሉም እኩል አይደለም፣ የሚሮጥ ሰው ሰዓት ይዘገያል ብለሻል። እኔ ደግሞ ስሮጥ የምውል ሴት ነኝ። ጊዜዬ ገና ነው።»

«ሰዓቱ ዘገየ የሚባለው ከሌላ ሰው ሰዓት ጋር ሲተያይ ነው። ለተጓዡ ለራሱ ግን ጊዜው አይዘገይለትም። የያዘው ዳቦ በልኩ ይሻግታል፣ ጥፍሩ በልኩ ያድጋል። እብጠቱም ከእርስዎ ጋር በአንድ መኪና ነው የተሳፈረው፤ ሮጠው የሚያመልጡት አይደለም።»

በመንገዱ ላይ ሰው ይመላለሳል፤ ሁሉም ጤነኛ መሰላት። እነዚያን ሁሉ ሳምንታት ነገሩን ባለማየቷ ያቆመችው ይመስላት ነበር። ለካ የቆመችው እሷ ብቻ ነበረች።

«ክፉ ከሆነስ?» አለች በመጨረሻ፣ እንደ ልጅ።

«ለእሱ የእኔ መጽሐፍ መልስ የለውም፣ አክስቴ። ምናልባት እዚያ ውስጥ ያሉት ያውቁ ይሆናል። እዚህ አግዳሚ ላይ ግን መልስ የለም።»

አክስትየዋ ተነሥታ ገባች። ተራዋ አልፎ ስለነበር የካርድ ክፍሏ ሴት አጉረመረመችባት፤ እትዬ መርፌ ለመጀመሪያ ጊዜ መልስ አልሰጠችም። ከሰልፉ መጨረሻ ቆማ ጠበቀች። ሐኪሙ ዳሰሳት፣ ናሙና ወሰደ፣ ለውጤቱ ቀጠራት።

ውጤቱ ክፉው ሆነ። ሐኪሙ ግን ገና ትንሽ እንደሆነ፣ ከቦታው እንዳልተሠራጨ፣ በቀዶ ሕክምና ተነቅሎ የመዳን ተስፋዋ ሰፊ እንደሆነ ነገራት፤ ዓመት ቆይታ ብትመጣ ወሬው ሌላ ይሆን ነበር። እንግዲህ ማወቅ በሽታን አይወልድም፤ የተወለደውን ሳያድግ ያስይዛል እንጂ። ስንቷ እህታችን ናት ካልተነገረኝ የለብኝም ስትል፣ ሊነቀል የሚችለውን ሥር እንዲሰድ የምትተወው።

ከሐኪሙ ክፍል ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ሲደርሱ፣ ውጤቱን ልትሰማ አብራት የመጣችው ያቺ ተከራካሪ ልጅ ግድግዳውን ተደግፋ ተንሰቀሰቀች። አክስትየዋ ሻሿን ፈታ እንባዋን ጠረገችላት።

«በይ ተይ» አለቻት፤ «እስከ ዛሬ በሽታው ብቻውን ነበር የሚሠራው። ከዛሬ ጀምሮ እኛም እንሠራለን።»

ከዚያም የቀዶ ሕክምናውን ቀን ልታስይዝ ተመልሳ ገባች።