ከሩቅ የመጣው ይቅደም

— ሄሎ… ፌኔት? ቆይ፣ አለፍኩ ወደቅኩ ከማለትሽ በፊት አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ያ የመመረቂያ ሥራሽ… መልእክቱ ቀጥታው መንገድ ከተያዘ በሌላ በኩል ይሂድ ያልሽው፣ እንደዞረ ቢቀርስ? ከጠዋት ጀምሮ ሳስበው ዋልኩ።

— ምን ያስቅሻል?… ፈታኞቹም ይህንኑ ጠየቁሽ? በይ አለቀልን።

— ሄሎ፣ ትሰሚኛለሽ?… እሺ፣ ቀስ ብለሽ። አዎ፣ ነግረሽኛል፤ ኔትወርኩ ፈጣን ስለሆነ መልእክት ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ የለም። እንደ ጠባብ መነኸሪያ፣ ክፍት በሆነው በር መውጣት ነው። የደገሀቡሩ መኪና በሩ ተይዞበት በሐረሩ በር ወጣ እንበል። ከዚያስ?

— ተክለማርያም፣ ሬዲዮውን ይቀንሱልኝ፣ የልጅ ልጃችን ናት።

— አያትሽ ናቸው። እንዳልሰሙ ሆነዋል። ጤና ኮሌጁን ትተሽ ኮምፒውተር ከያዝሽ ወዲህ በስልክ አላናግራትም እንዳሉ ናቸው። ተያቸው፣ ቀጥይ።

— ማንን? የጉናጋዶውን ተራ አስከባሪ ዐቦኮርን?… እንዴት ይረሳኛል! ሱቃችን እዚያ ሳለ አያትሽ በትከሻቸው ተሸክመው ውሃ ጉድጓዱ ጋ ይወስዱሽ ነበር። ዐቦኮር ዱላውን ይዞ «ከሩቅ የመጣው ይቅደም» ሲል የሰፈሩ ግመል ሁሉ ገለል ይላል።

— እና መልእክቱም እንደዚያው? ብዙ የተንከራተተው ሲመጣ አዲሶቹ መንገድ ይለቁለታል… ቢዞር ቢዞር፣ በመጨረሻ ከሁሉም የቆየው እሱ ይሆናል፣ የሚቀድመው የለም… ይደርሳል። እፎይ። አሁን ገባኝ።

— እነሱስ ምን አሉ?… ድገሚልኝ ልጄ… አለፍሽ? በከፍተኛ ውጤት?… ተመስገን። አላለቅስም፣ ጉንፋን ነው።

— ቅዳሜ ትመጫለሽ? አውቶቡሱ ላይ መስኮት ጋ እንዳትቀመጪ፣ ብርድ ይመታሻል። ሾፌሩንም ቀስ በል በይው።

— ለአያትሽ ልስጥ?… እንኩ፣ ስልኩን ይያዙ እንጂ። ጉድጓዱን ያሳየኝ አባባ ነው ብላ ለፈታኞቹ ነግራቸዋለች፣ ልታመሰግንዎት ነው።

— አልያዙትም ፌኔት። ተነሡ… ኮፍያቸውን አጠለቁ… ከበሩ ጀርባ ምን ያወርዳሉ?… ፍየል የሚጎትቱበትን ገመድ።

— አለሁ፣ በመስኮት እያየኋቸው ነው። ዋናው መንገድ በመኪና ተዘግቷል። ቆም አሉ… በጓሮ በኩል ወደ ፍየል ተራ ታጠፉ።

— እንግዲህ ቅዳሜ ሆድሽን ባዶ አርገሽ ነይ። ቻው።