ብልቃጡ ሲንኮሻኮሽ

ለእናንተ ምን እደብቃለሁ፤ ባሕር ዳር መጠጥ ቤት እየሠራሁ ከወንድ ጋር እየወጣሁ ነው የምኖር። ይፋግ ያለችው እናቴ ግን ሆቴል ወጥ ሠሪ ነኝ ያልኋትን አምናለች። ባለፈው እሷን ጠይቄ ስመለስ፣ ሚኒባሱ ውስጥ ጎረቤታችን እትዬ ስንዱ አጠገቤ ተቀመጡ። ኬላ ላይ ሁላችንንም አስወረዱን። ፈታሿ ቦርሳዬን ብድግ ስታደርገው ብልቃጤ ተንኮሻኮሸ። በየቀኑ የምውጠው የኤችአይቪ መከላከያ ክኒን ነው። ብልቃጡ ግን ቫይረሱ ያለባቸው ከሚወስዱት ጋር ስለሚመሳሰል፣ ያየው ሁሉ "በሽተኛ ናት" ነው የሚል።

"ምንድን ነው ይኼ?" ብላ አወጣችው። የራስ ምታት ነው ልል አፌን ስከፍት ጽሑፉን ማንበብ ጀመረች። እትዬ ስንዱ አንገታቸውን አስግገው "የምን መድኃኒት ነው ልጄ? አመመሽ እንዴ?" አሉኝ። በቃ፣ ነገ እናቴ ጆሮ ይገባል አልሁ በልቤ።

"ቫይታሚን ነው፣ እማማ" አለቻቸው ፈታሿ፣ ብልቃጡን ቦርሳዬ ውስጥ ካለው ልብስ ሥር እየወሸቀች። ከዚያ ወገቤን የምትፈትሽ መስላ ጆሮዬ ሥር ተጠጋችና፣ "ጥጥ ጠቅጥቂበት እንጂ አንቺ! የእኔ አንድ ቀን ኮሽ ብሎ አያውቅም" አለችኝ።