የአቶ ዌንዴል ክራውዘር ዜና ሕይወት፣ ከነካርዶቻቸው

ውድ ለቀስተኞች፣ እንዲሁም ከኋላው መቀመጫ ላይ ሆናችሁ «ያቺ ካርድ የት ገባች?» እያላችሁ የምታንሾካሹኩ የሟች የሙያ ጓደኞች፤ ይህን እንዳነብ የታዘዝኩት ታላቅ እህታቸው ሎሬይን ነኝ።

አቶ ዌንዴል ክራውዘር፣ በመስተዋት ፋብሪካ ይሠሩ ከነበሩት ከአባታችን ከአቶ ክላይድ ክራውዘርና ከእናታችን ከወይዘሮ ኧርማ እ.ኤ.አ. በ1946 በኦሃዮ ግዛት፣ በቶሊዶ ከተማ ተወለዱ። አባታችን ቤዝቦል ነፍሳቸው ስለነበር ገና በልጅነታቸው ወደ ስታዲየም ይዘዋቸው ይሄዱ ነበር፤ ወንድሜ ግን ሜዳውን ትተው፣ ከማስቲካ ጋር ታሽገው የሚሸጡትን የተጫዋቾች ካርዶች ጥግ ጥጋቸውን ሲመረምሩ ጨዋታው ያልቅ ነበር። ማስቲካው ካርዱን ያበላሻል ብለው ለእኔ ይሰጡኝ ስለነበር፣ ወንድሜ በፈቃዳቸው የሰጡኝ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። የሰፈሩ ልጆች ካርዳቸውን በብስክሌት ጎማ ሽቦ ላይ ሰክተው እያንጣጡ ሲያልፉ፣ እሳቸው በረንዳ ላይ ቆመው ያለቅሱ ነበር።

የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውንም እዚያው ቶሊዶ ተከታትለው፣ አስተማሪዎቻቸውን በምንም ሳያስቸግሩና በምንም ሳያስደስቱ አጠናቀቁ። በተመረቁ ዕለት አባታችን እጅግ የሚወዱትን የአንድ ኳስ ወርዋሪ ካርድ አውጥተው ሰጧቸው። ካርዷ በኪስ ቦርሳቸው ውስጥ እንድትገባላቸው አባታችን ነጩን ጠርዟን በማድ ቤት መቀስ ከርክመው፣ ፋብሪካ ሲውሉ ከደረታቸው ሳይለዩ ያኖሯት ነበረች። ወንድሜ ግን ምስጋናውን ትተው ማስመሪያ አመጡ።

«አባዬ፣ ይቺ እኮ ተቆርጣለች» አሉ። «ምንም አታወጣም።»

«እኔ መች ሽጣት አልኩህ» አሉ አባታችን፤ ከዚያ ወዲያም እስኪሞቱ ድረስ ወደ ስታዲየም እንሂድ ብለዋቸው አያውቁም።

በሥራው ዓለም ለአጭር ጊዜ በአንድ መድን ድርጅት በጸሐፊነት ካገለገሉ በኋላ፣ የጥንት የቤዝቦል ካርዶችን ዋጋ በመገመት ሙያ ተሰማርተው፣ በየሆቴሉ አዳራሽ በሚዘረጋው የካርድ ገበያ ስማቸው ገነነ። ሙያው ምን እንደሆነ ለማታውቁ፣ አንድ የደረሰ ሰው ወረቀት ላይ የታተመውን ፊት ትቶ የወረቀቱን ማዕዘን ሲያይ የሚውልበት ሥራ ነው። የሟች ባሏን የጫማ ካርቶን ታቅፋ የመጣች ሴት ሰላምታ እንኳ ሳታገኝ፣ መነጽራቸውን ካርዱ ላይ ደፍተው «እመቤቴ፣ ይሄን ካርድ ልጅ ነክቶታል፤ ወደ ካርቶኑ ይመልሱት» ይሏት ነበር። ሌባ አልነበሩም፤ ይህን አልነፍጋቸውም። ሰውን ለማታለል ቀና ብሎ ማየት ይጠይቃልና እሳቸው ለዚያም አልደረሱም። ለማንም የማያሳዩት፣ በምንም ገንዘብ የማይሸጡት አንድ ካርድ አላቸው እየተባለም በገበያው ሁሉ ይወራ ነበር።

ከወይዘሮ ኮሪን ጋር ጋብቻ መሥርተው ሬናታ የተባለች ልጅ አፈሩ። በቤታቸው እርጥበት የሚመጥ ማሽን የተገጠመለት አንድ ክፍል ስለነበር፣ እናትና ልጅ በሐምሌ ሙቀት ሲቀቀሉ ካርዶቹ በቀዝቃዛ አየር ይኖሩ ነበር። ሬናታ ለትምህርት ቤቷ ቡድን ኳስ ወርዋሪ ሆና ስትሰለፍ፣ አባቷ የወረቀት ኳስ ወርዋሪ ሊገምቱ ሌላ ከተማ ይሄዱ ነበር።

«አክስቴ፣ እኔንም ፕላስቲክ ውስጥ ብታሽጉኝ ያየኝ ነበር» ብላኛለች።

ካለፈው ክረምት ጀምሮ በሳንባ ሕመም ሆስፒታል ገብተው ሲረዱ ቆይተው፣ የመጨረሻቸው ሲቃረብ «ካርዴን» አሉ። ሬናታ ሮጣ ከክፍሉ ከሁሉ ውድ የሆነውን፣ በጠንካራ ፕላስቲክ የታሸገውን አመጣችላቸው፤ በእጃቸው ገፉት።

«ቦርሳዬን» አሏት።

ከቦርሳቸው የወጣችው ያቺው የአባታችን ካርድ ነበረች። ማዕዘኖቿ አልቀው ክብ ሆነዋል፤ የተጫዋቹም ፊት ከመታሸት ብዛት ሊጠፋ ደርሷል። ካርድ በባዶ ጣታቸው እንኳ የማይነኩት ሰው፣ በላብ በወረዛ መዳፋቸው ጨብጠዋት «ቦርሳዬ ውስጥ ልክ ትገባለች እኮ» አሉ። ይህችን አንዲት ቃል ለአባታችን በሕይወት ሳሉ ቢነግሯቸው ምን ነበረበት? ለዚህ አልምራቸውም። ባለፈው ማክሰኞ ዐረፉ።

እንግዲህ፣ ከትናንት ጀምሮ ኮሪንን በየበሩ ይዛችሁ ስለዚያች ካርድ የምትጠይቋት ወገኖች፣ ካርዷን ልጃቸው ሬናታ በሟች የደረት ኪስ ከትታላቸዋለች። ሳጥኑ ሳይዘጋ አጉሊ መነጽራችሁን ይዛችሁ መቅረብ ትችላላችሁ። ዋጋዋን ግን ባለሙያው ራሳቸው ድሮ ለአባታችን ነግረዋቸዋል። የቀሩትን ካርዶች ሬናታ ትሸጣቸዋለች፤ እሱም መጀመሪያ እናቷን «ደህና አደሩ» ለሚል ሰው ነው።

አቶ ዌንዴል ባለቤታቸውን፣ ልጃቸውንና አንዲት ቁጡ እህታቸውን ትተው ሄደዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ሲቀበል ማዕዘናቸውን አይመርምርባቸው፤ የጎደላቸውንም በማስመሪያ አይለካባቸው። አባታችንም በዚያኛው በር ቆመው ከሆነ፣ እባክዎ አባዬ፣ ጨዋታ ይዘውት ይሂዱ። አሜን።