ያልተቀባው ጥግ

የገዛ ሥራዬን በገዛ እጄ ያበላሸሁት አንድ ቀን ብቻ ነው። ሰዓሊ ነኝ ብልም ሸዋ ሮቢት ውስጥ የምኖረው የሱቅ ማስታወቂያና የብረት በር እየቀባሁ ነው። እትዬ ዘሃራ የሚባሉ የአጣዬ ሴት እዚሁ ከተማችን ብየዳ ቤት ያሠሩትን በር በጋሪ አስጭነው መጡና "አረንጓዴ ቀባልኝ" አሉኝ። የተቃጠለ ቤታቸውን ገና መልሰው እየሠሩ ነበር። አንድ ጠብታ ሳላዝረበርብ ሁለት እጅ ቀባሁት። ሊወስዱት ሲመጡ ግን ጎንበስ ብለው የታች ጥጉን ደጋግመው አዩት።

"አላማረም እንዴ?" አልኳቸው።

"ማሻ አላህ፣ እጅህ ይባረክ። ግን የድሮው በር ታች ጥጉ ላይ መዳፍ የምታህል ያልተቀባች ቦታ ነበረችው። ባለቤቴ ነው የቀባው። ቀለም አለቀበትና 'ነገ እጨርሰዋለሁ' አለኝ። ስንት ዓመት ጨቀጨቅኩት መሰለህ። እሱም በሩም በዚያ ቃጠሎ ቀሩ።"

ጥሩ ሥራ ማለት ጉድለት የሌለበት ይመስለኝ ነበር። ጨርቅ ቤንዚን ውስጥ ነክሬ ጥጉን መፋቅ ጀመርኩ። ቀለሙ በደንብ ስላልደረቀ ቶሎ ለቀቀ። እትዬ ዘሃራ አጠገቤ ቁጢጥ ብለው "ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃ፣ እዚያ ጋ" እያሉ ይመሩኛል።

ብረቱ ብቅ ሲል መዳፋቸውን ጫኑበት። እኔ ብሩሽ የማጥብ መስዬ ፊቴን አዞርኩ። ከኋላዬ ቀስ ብለው ሲናገሩ ሰማኋቸው።

"አንተ ሰውዬ፣ ዛሬም አልጨረስከውም?"