ጉበኑ ስር የቆመው ሰው

ታላቅ እህቴ እትዬ አስካለ አንድ አሮጌ ፎቶ ሰጠችኝና «የታደለን በትልቁ አሳጥብልኝ፤ ዓይኔ ጨርሶ ሳይጠፋ ግድግዳ ላይ ልየው» አለችኝ። ታደለ ወታደር ሆኖ ሄዶ በዚያው የቀረ ወንድማችን ነው። ሌላ ፎቶ የለውም። በዚህኛው ላይ ቡታጅራ ባለ የጨርቅ ሱቅ በር ላይ አንድ ወጣት ቆሟል፤ ፊቱን ውሃ አጥፍቶታል። እኔ ደግሞ ነገር ሳላረጋግጥ እንቅልፍ አይወስደኝም። ታደለ ያን በር ጎንበስ ሳይል አይገባም ነበር። የፎቶው ሰው ግን ቀጥ ብሎ ቆሞ እንኳ ከራሱ በላይ ክፍተት ይታያል። ጭንቅ ሲለኝ ከወልቂጤ ተሳፍሬ ሄድኩ።

ሱቁ አለ። በሩ ላይ ቆሜ እጄን ከራሴ በላይ ወደ ጉበኑ ስዘረጋ ባለሱቋ ሳቀች።

«አባባ፣ በሩን ነቅለው ሊወስዱት ነው እንዴ?»

ነገሩን ነገርኳት። ሳቋን ትታ አንዴ ፎቶውን፣ አንዴ እኔን አየች።

«ሰውየው የእርስዎ ቁመት ነው» አለችኝ።

እኔ በደህናው ጊዜ እንኳ የምደርሰው የታደለ ትከሻ ላይ ነበር።

«በሩ ተቀይሮ ይሆናላ፣ ልጄ» ብዬ ተማጸንኳት።

«ኧረ አባባ! አባቴ እንዳቆመው ነው። ወለሉንም አልነካነውም።»

እዚያው ሆኜ ለእትዬ ደወልኩ። «እሱ አይደለም» አልኳት።

«ታዲያ ይህን ሁሉ ዘመን ማንን ነው ስስም የኖርኩት?»

ጠዋት ከቤት ስወጣ እኔም ስሜው ነበር።